ሰባት ቆዳ ፋቂዎች በሱንድቢበሪ

ስለ ስም ልጽፍ ተነስቼ የማንንም ሰው ስም አልጠራም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በሕይወት ያሉት ይቀየሙኛል፣ የሞቱት ደግሞ መልስ መስጠት አይችሉም። አንድ ስም ብቻ እጠራለሁ፤ እሱም የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ሺህ እንግሊዞች የቤተሰብ ስም ነው። ታነር ይባላል። በኛ ቋንቋ ቆዳ ፋቂ ማለት ነው።

በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ ስቶክሆልም አጠገብ ሶልና ካለው ትልቅ ሆስፒታል ነርስነት እማር ነበር። የተማሪዎቹ መኖሪያ ሲሞላ፣ እዚያው አቅራቢያ ሱንድቢበሪ ውስጥ አንድ ክፍል የሚያከራዩ ሽማግሌ አሉ ብለው ላኩኝ። ሰውየው እንግሊዛዊ ናቸው። ስዊድናዊት አግብተው መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሚስታቸው ሞታባቸው ከአንዲት ወፍራም ድመት ጋር ቀርተዋል። ልጅ የላቸውም። ያ ዓመት ስዊድን መኪናዋን ሁሉ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ ያዞረችበት ነውና፣ መንገድ በተሻገርን ቁጥር ይህ ሕዝብ አብዷል እያሉ ያጉረመርሙ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የቤተሰብሽ ስም ማነው አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። እንግዲያው አያትሽም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር አሉ። የለም፣ አያቴ የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኔ በአባቴ እጠራለሁ፣ አባቴ በአባቱ፣ ልጅ ብወልድ ደግሞ በባሌ ይጠራል አልኳቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ታዲያ ቤተሰባችሁን አንድ አድርጎ የሚይዘው ምንድን ነው ሲሉ ጠየቁኝ። ሳላስብ፣ ሐሜት ነው አልኳቸው። በጣም ሳቁ፤ ክፍሉንም ያገኘሁት በዚያ መልስ ይመስለኛል።

አከራዬ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የያዙት ሥራ የራሳቸውን የቤተሰብ ስም፣ የታነርን ታሪክ መጻፍ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ እሑድ እሑድ ከእንግሊዝ አገር የሚመጡላቸውን ደብዳቤዎች አነብላቸዋለሁ፣ የሚሉትንም በንጹሕ ወረቀት እገለብጣለሁ። እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛዬን ያርሙልኛል። እንዲህ እያልን የአንድ ስም ታሪክ ከእግር እስከ ራሱ ተማርኩ።

ከስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር በአንድ መንደር አሥር ሰው አንድ ዓይነት ስም ይኖረዋል። የንጉሡ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ሲመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይቸግረዋል። ስለዚህ አንዱን ባለወፍጮው፣ አንዱን ከወንዙ ማዶ ያለው፣ አንዱን ቆዳ ፋቂው ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ያ ቅጽል ከሰውየው ጋር አብሮ ይቀበር ነበር። እየቆየ ግን ለልጅም መተላለፍ ጀመረ። ልጁ መፋቂያውን ጥሎ ሱቅ ቢከፍትም፣ የልጅ ልጁ ቄስ ቢሆንም፣ ቆዳ ፋቂ ተብሎ ቀረ። ሥራው ሞተ፣ ስሙ ተረፈ።

ይህን አክስታቸው አይቀበሉም ነበር። አክስትየዋ ስማችን ከፈረንሳይ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ፈረሰኛ ባላባት የተወረሰ ነው እያሉ፣ የጋሻ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅለው ነው የኖሩት። አከራዬም እስከ ሽምግልናቸው አምነውት ኖረዋል። በኋላ ለአንድ የገጠር ቤተክርስቲያን ጽፈው የአንድ አያታቸውን የኑዛዜ ቃል አገኙ። ኑዛዜው የመዘፍዘፊያ ጉድጓዶቼን ለበኩር ልጄ፣ ቢላዎቼን ለሁለተኛው፣ ከሽታው ራቅ ያለውን ቤት ለሚስቴ ይላል። ያን ወረቀት ሲያነቡ ከት ብለው ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። አክስቴ ይህን ሳያዩ መሞታቸው ለሁላችንም ጥሩ ሆነ አሉኝ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቆዳውን በኖራ እንደሚዘፈዝፉት፣ በርግብ ኩስና በውሻ እዳሪ እንደሚያለሰልሱት፣ በኦክ ዛፍ ልጥ ውኃ ዓመት ሙሉ እንደሚያቆዩት፣ ሽታው ጌቶቹን እንዳይደርስ ጉድጓዱ ከከተማው ዝቅ ብሎ ወንዝ ዳር እንዲቆፈር እንደሚያዝዙ ሳነብላቸው ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ያ ወንዝ ዳር የኔ ቤት ነው። በልጥ ፋንታ የእምቧይ ፍሬ አድርጉበት፣ ሌላው አንድ ነው።

አዎ፣ አባቴ ፋቂ ነው። አያቴም ፋቂ ነበሩ። ለማያውቅ ልንገር፤ በኛ አገር በዚያን ጊዜ ፋቂ ማለት ስድብ ነው። ቡዳ ናቸው ይሉናል፣ እኛን ሲያዩ ሕፃናቸውን በነጠላ ይከልላሉ፣ ከቤታችን ውኃ አይቀምሱም። የሚተኙበት ጀንዲ፣ እህል የሚጭኑበት ስልቻ፣ የዳዊታቸው ማኅደር ሳይቀር ከአባቴ እጅ የወጣ ነው። ዳዊቱን በማኅደሩ አንግተው ቤተክርስቲያን ይሳለማሉ፤ የሰፋላቸውን ሰው ግን ደጃቸውን አያስረግጡትም። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ወደ ውጭ ስሄድ አባቴ ራሱ መከረኝ። ምን ይሠራል ቢሉሽ ቆዳ ነጋዴ ነው በይ፤ ውሸትም አይደል፣ እሸጠው የለም ወይ አለኝ። ስማችን ደግሞ እንደ እንግሊዞቹ ሙያ አይናገርም፤ በአባቴ ስም ብጠራ የፋቂ ልጅ እንደሆንኩ ማንም አይለይም። ስቶክሆልም ላሉት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ዓይኔን በጨው አጥቤ የነጋዴ ልጅ ነኝ አልኩ። እጮኛዬም ያመነው ይህንኑ ነው። እሱ ምህንድስና ይማር ነበር፤ ረጋ ያለ፣ የሚያስቀኝ፣ በጣም የምወደው ሰው ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ።

እውነቱን የነገርኩት ለአከራዬ ብቻ ነው። አንድ እሑድ ተራው ያንቺ ነው፣ አባቶችሽን ቁጠሪልኝ አሉኝ። ሰባቱንም ሳላመነታ ጠራሁላቸው። ከየት አወቅሽው ብለው ተገረሙ። ፋቂ ከፋቂ በቀር አያገባም፤ ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ ሰባት አባት ያስጠኑታል አልኳቸው። ሙያቸውስ አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው እኮ ፈረንጅ ናቸው፣ ለማን ይነግሩብኛል ብዬ ነው። ሽማግሌው ብድግ ብለው ጨበጡኝ። ስሞቹንም ለብቻ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። እኔም ረሳሁት።

በዚያው ክረምት የእጮኛዬ አጎት ለዓይናቸው ሕክምና ስቶክሆልም መጡ። ዳኛ ሆነው የኖሩ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። እጮኛዬ ላገባ ነው ሲላቸው፣ ያለ ሽማግሌ የሚደረግ ጋብቻ ውንብድና ነው አሉት። አባቷ አገር ቤት ናቸው አላቸው። ከማን ቤት ነው የምትኖረው አሉ። ከአንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ቤት። እንግዲያው እዚህ አገር አባቷ እሳቸው ናቸው ብለው ፈረዱ።

አከራዬ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ሙሉ ልብሳቸውን አስተኮሱ፤ አባት ምን እንደሚያደርግ አስጠኚኝ አሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ዘመድ ላማክር ይባላል አልኳቸው። የሚያማክሩት ዘመድ ድመቲቱ ብቻ ነች። ሌላስ ምን ይጠይቁኛል አሉ። ዘር ይጠይቃሉ፣ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራሉ፤ እርስዎ ግን አባቷ ነጋዴ ናቸው ብለው ይለፉት አልኳቸው። ፈገግ አሉ። እንደኔ ያለች ሞኝ የለችም፤ የዘር ነገር ለሚያሳብደው ሰው ዘር ይጠይቁዎታል ብዬ ነግሬ፣ ሄጄ ዳቦ መጋገር ጀመርኩ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሦስት ሽማግሌ ቢጠፋ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አጎትየው፣ ሁለተኛው ከኛ ከተማሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ጓደኛችን፣ አስተርጓሚም ሆኖ። እጮኛዬ በወጉ አልመጣም። እኔም በወጉ ኩሽና ተደበቅኩ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጌዋለሁ። ሻይና የስዊድን የቀረፋ ዳቦ ቀርቦላቸዋል። አጎትየው ልጅዎን ለልጃችን ብለው በሚያምር አማርኛ ለመኑ። አከራዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዘመድ ላማክር አሉ። አጎትየው፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ወግ ያውቃሉ ሲሉ ሰማሁ። ልቤ ሞላ። አለቀ፣ ተሳካ አልኩ።

ከዚያ አጎትየው የልጅቷ ዘር ከወዴት ነው ብለው ጠየቁ። ጓደኛችን ተረጎመ። አከራዬ መልስ ሳይሰጡ ተነሱ። የመሳቢያው ድምፅ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ክው አልኩ።

በበሩ ሽንቁር አየኋቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። በግራ በኩል የሳቸው ሰባት አባቶች፣ በቀኝ በኩል የኔ ሰባት፣ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሙያው ተጽፏል። እኔና ይህች ልጅ የአንድ ሙያ ልጆች ነን፤ ስለዚህ ዛሬ በአባቷ ቦታ ስቀመጥ ለይምሰል አይደለም አሉ። ቀጥለው እንደ መምህርነታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የአባቴን ስም ጠሩ፣ ቆዳ ፋቂ አሉ። የአያቴን ስም ጠሩ፣ ቆዳ ፋቂ አሉ።

ጓደኛችን አጎትየውን አየት አደረገ፤ የአንድ ሙያውን ነገር ዘለለው። እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ነው፣ ቃሉ አልጠፋውም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቷ ገበሬ ናቸው፣ አያቷም ገበሬ አለ። አዳነኝ። እግዜር ይስጠው፣ እስከ ዛሬ ደግነቱን አልረሳም። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ተመስገን አልኩ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። አጎትየው ደስ ብሏቸው፣ ገበሬ ጥሩ ነው፣ ዘር ከልጓም ይስባል አሉ።

ሦስተኛው ተጠራ። በዚህ በኩል ቆዳ ፋቂ፣ በዚያ በኩል ገበሬ። አራተኛው ተጠራ። ሽማግሌው ፈረንጅ በኩራት ያነሷቸዋል፣ የአገሬ ሰው በርኅራኄ ይቀብራቸዋል። አምስተኛው ተጠራ። አባቴ በእምቧይ የተበላ እጁን ለበዓል በቅቤ ሲያሸው ታየኝ። አምስት ሰው በአንድ ቀን በኔ ምክንያት ሙያውን ተገፈፈ፤ እኔ ደግሞ ኩሽና ቆሜ ተመስገን እላለሁ። ስድስተኛው ሲጠራ ትሪውን አንስቼ ወጣሁ። ደፋር ሆኜ አይደለም፣ ግልፍተኛ ነኝ፤ ንዴት ሲይዘኝ ፍርሃቱ ይጠፋልኛል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ትርጉሙ ልክ አይደለም። ሰባቱም ቆዳ ፋቂዎች ናቸው። አባቴ ዛሬም ይፍቃል።»

ጓደኛችን አንገቱን ደፋ። አጎትየው ያን የታመመ ዓይናቸውን አጥብበው ሊያዩኝ ሞከሩ።

«ፋቂ?» አሉኝ።

«ፋቂ።»

አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም ነበር። የያዙትን ስኒ ማስቀመጫው ላይ አኖሩ፣ ከዘራቸውን ፈልገው ተነሱ፣ አከራዬን እግዜር ጤና ይስጥልኝ ብለው እጅ ነስተው ወጡ። ጓደኛችን ኮታቸውን ይዞ ተከተላቸው። አከራዬ ወረቀቱን እንደያዙ መሐል ክፍሉ ላይ ቀሩ። ምን አጠፋሁ አሉኝ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ቡዳው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ነጠላው። ሰምተው ሲጨርሱ እኔ የማልረባ ሽማግሌ ነኝ፣ ትዳርሽን አፈረስኩ አሉ። አላፈረሱም፣ ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ያን ቀን የተጋገረውን ሁሉ ሁለታችን ቁጭ ብለን በላነው።

እጮኛዬ ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሶልና የሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀኝ። እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ አብረን ሄድን። አጎቱ እሷን ካገባህ አጎት አለኝ አትበል ብለውታል። ለምን ደበቅሽኝ ብሎ ጠየቀኝ፤ በዚህ እውነት አለው፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ መላ አግኝቻለሁ አለ። ፈረንጁ ሽማግሌ ዓይናቸው ደካማ ነው፣ የራሳቸውን አባቶች ካንቺ አባቶች ጋር ቀላቅለው ነው፣ አንቺም ተቆጥተሽ ነው እንዲያ ያልሽው ብለን እናስረዳቸዋለን አለኝ። አጎቴ ሊያምኑኝ ይፈልጋሉ፣ ብቻ አንቺ ዝም በይልኝ አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔን ማጣት አልፈለገም፤ ያንን አልጠራጠርም።

«ልጅ ብንወልድ» አልኩት፣ «አያቴ ምን ይሠራሉ ሲልህ ምን ልትለው ነው?»

አሰበ። አውቶቡሱ እስኪመጣ አሰበ። ገበሬ ናቸው እለዋለሁ አለ በመጨረሻ።

ተሳፈርኩ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልቅሼ ታማሚ መስዬ ከሥራ ቀረሁ። ግን አልተጸጸትኩም። ሰው ያለ ባል ይኖራል፤ አባቱን ገበሬ አስብሎ እንዴት እንደሚኖር ግን አላውቅም። በዓመቱ ሌላ ሴት አገባ። ደግ ሴት ናት፣ በኋላ ተዋውቀናል። እኔም በጊዜዬ ባል አገባሁ፤ እሱን ግን ላግባሽ ሲለኝ ቃሉን ሳላስጨርሰው የአባቴን ሙያ አስቀድሜ ነገርኩት።

በዚያ ሰሞን የፈራሁት አባቴን ነው። ያስጠናኝን ጥዬ፣ ያውም ሰው ፊት። ሆኖም ጻፍኩለት፤ የፈረንጁን ስም፣ የጋሻውን ሥዕል፣ ኑዛዜውን፣ ወረቀቱን፣ በትሪ ወጥቼ ያልኩትን አንድ ሳላስቀር። አባቴ ማንበብ አይችልም። የተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ መምህር ነው የሚያነብለትና የሚጽፍለት።

መልሱ ሁለት ወር ቆይቶ ደረሰ። አከራዬ ፊት ከፈትኩት። አባቴ ተቆጥቷል። ነጋዴ በይ ያልኩሽ እኔ፣ ውሸቱ የኔ፣ ኃጢአቱም የኔ፤ ማን አውጪው አለሽ ይላል። እኔ እጄን ያስበላሁት አንቺ ሰው ፊት ቀና ብለሽ እንድትቀመጪ ነው፣ አንቺ ግን የዳኛ ዘመድ በእጅሽ ገብቶ አስወጣሽው ይላል። ሙታን ሙያቸው ቢነሳ ምን ይጎዳቸዋል፣ የምትጎጂው አንቺ ነሽ ይላል። ሁለት ገጽ ሙሉ ይቆጣል። እየተረጎምኩላቸው ስሄድ አከራዬ ወንበራቸው ላይ እየተኮማተሩ ሄዱ።

ሰላምታው ተጽፎ፣ ቀኑ ተጽፎ አልቋል። ከዚያ ከታች፣ መምህሩ ብዕሩን ካስቀመጠ በኋላ እንደገና እንዳነሳ ያስታውቃል፣ ሌላ ቀለም ነው።

«ያ ፈረንጅ ሰባተኛው ላይ ለምን አቆመ? ለጋብቻ ሰባት ይበቃል ብዬ ነው እንጂ ስምንተኛውንም አውቀዋለሁ» ይላል። የስምንተኛውን አባቴን ስም ጠርቶ አስጽፎታል። «ንገሪውና ይጻፈው። እሱም ፋቂ ነበር።»